ሰው የለበትም የተባለው ቤት

ሁንጋ፣ ቫቫኡ
ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2007

ለወንድሜ ለሞሴሴ ልጅ፣ ለሱሊዬቲ

ይህን ወረቀት የያዘውን መርከብ ማዕበል አይንካው፤ አንቺንም ደጅሽንም ጌታ በጥላው ይሸፍን። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ያው ነው። እሱ እኔን ለምዶኛል፣ እኔ ግን እሱን አልለመድኩትም።

ስልክ ልደውል አትበዪኝ። ስልኩ ያለው ሱቁ ውስጥ ነው፤ አንቺ ኦክላንድ ሆነሽ ስታስነጥሺ ደሴቱ በሙሉ «ይማርሽ» ይላል። የሚጻፍ ነገር በወረቀት ይጻፍ።

አሁን የምጽፍልሽ ስለ ምንጣፉ ነው። በኖቬምበር ቤተ ክርስቲያናችን መቶ ዓመት ይሞላታል። እያንዳንዱ ቤተሰብ የዘር ምንጣፉን ያነጥፋል። የኛን፣ አያትሽ የተገነዘበት ቀን ከሥር ተነጥፎ የነበረውን፣ ወንድምሽ ኬሌፒ የዛሬ ስድስት ዓመት ሲሄድ በእጁ ሰጥቼዋለሁ። «ለልጅህ መጀመሪያ ልደት አንጥፈው፣ ቀኑ ሲደርስ ትመልሰዋለህ» ብዬ ነው የሰጠሁት። ሁለት ጊዜ ጻፍኩለት፤ መልስ የለም። እዚህ ከሴቶቹ ጋር ለጨርቅ የሚሆነውን የዛፍ ቅርፊት እየቀጠቀጥን «የሞሴሴ ቤት ምን ሊያነጥፍ ነው?» ሲሉኝ ጆሮ ዳባ ልበስ እላለሁ።

አንቺ ራስሽ ጠይቂው አላልኩም። እህትና ወንድም እንዲህ ያለውን ነገር ፊት ለፊት እንደማትነጋገሩ ጠፍቶኝ አይደለም። ለሚስቱ ለናኒሴ ንገሪያት፣ እሷ ትንገረው።

ደግሞ ሥራ ያዝሽ አሉ። ሰው ቤት እየገባሽ በሽታቸውን ትጠይቂያለሽ አሉኝ። ሐኪም ሳትሆኚ? እስኪ አስረጂኝ። ደሞዙ ደህና ከሆነ ለጉልበቴ የሚቀባ ነገር ላኪልኝ።

አክስትሽ ሎሳሊኔ


ማንገሬ፣ ኦክላንድ
ማርች 4 ቀን 2007

ለተከበሩ አክስቴ ለሎሳሊኔ

ከሩቅ ሆኜ ጉልበትዎን እስማለሁ፤ እግዚአብሔር ያንኑ ጉልበት ያጽናልዎ። ቅባቱን በፓስተሩ ባለቤት እጅ ልኬያለሁ። ሁለት ነው፤ አንዱን ለጎረቤት እንዳይሰጡብኝ።

ሥራዬ የመንግሥት የጤና ጥናት ነው። ኮምፒዩተር መንገድ ይመርጣል፣ ከመንገዱ ቤት ይመርጣል፣ ቤቱ ውስጥ ካሉት አዋቂዎች አንዱን ይመርጣል። እኔ ምንም አልመርጥም። ከእኔ በፊት ደብዳቤ ይሄዳል፤ «በዚህ ሳምንት ጠያቂ ይመጣል፣ የምትናገሩት ምስጢር ነው» ይላል። ከዚያ እኔ ሰማያዊ ቦርሳዬን አንግቤ አንኳኳለሁ። ካልከፈቱ በሌላ ቀን፣ በሌላ ሰዓት እመለሳለሁ፤ እስከ አሥር ጊዜ።

ጥርስ፣ ደም ግፊት፣ ስኳር፣ በቀን ስንት አትክልት፣ ስንት ሲጋራ እያልኩ እሄዳለሁ። ከዚያ ቁማር ይመጣል። እዚያ ላይ ሁሉም ሰው ወንበሩ ላይ መነቃነቅ ይጀምራል። ባለፈው ሳምንት አንዲት የሳሞአ እናት፣

«ቁማር? እኔ? አንቺ ልጅ፣ እናትሽ ይህን ጠይቂ ብላ ነው የላከችሽ?» አሉኝ።

«ቢንጎስ እማማ?»

«ቢንጎ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ቁማር የሆነው! ለቤተ ክርስቲያን ጣራ ነው።»

«በሳምንት ስንት ጊዜ?»

«አራት።»

«ጣራው ገና ነው?»

«ጣራውማ ካለቀ ስምንት ዓመቱ» አሉና ራሳቸው ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ግን «ቁማር አልጫወትም» ነው ያሉት፣ እኔም ያሉትን ጻፍኩ። የሰውን አፍ አላርምም፤ ሕጉ እንደዚያ ነው።

ተጫውቻለሁ ላለ ሰው ደግሞ ዘጠኝ ጥያቄ አለ። መልሱ ካርድ ላይ ተጽፏል፤ ሰውየው በጣቱ ብቻ ይጠቁማል። በጭራሽ፣ አንዳንዴ፣ ብዙ ጊዜ፣ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል። የመጀመሪያው ዜሮ ነው፣ የመጨረሻው ሦስት። ተደምሮ ስምንት የሞላ ሰው ቁማር ይዞታል ይባላል። ሲያልቅ የእርዳታ ስልክ ያለበት ወረቀት ሰጥቼ እወጣለሁ።

በቀደም አንድ ትልቅ ሰው፣ ያገራችን ሰው ናቸው፣ የመጨረሻውን ዘጠኝ ጊዜ ጠቆሙ። በር ላይ ሲሸኙኝ «አንቺን ስለማላውቅሽ ነው የነገርኩሽ» አሉኝና በሩን ዘጉ። መኪናዬ ውስጥ ትንሽ ተቀምጬ ነው የሄድኩት።

ኬሌፒ ደህና ነው። ሥራ በዝቶበታል። የምንጣፉን ነገር ለናኒሴ ነግሬያታለሁ።

ታዛዥዎ ሱሊዬቲ


ሁንጋ
ማርች 27 ቀን 2007

ለልጄ ለሱሊዬቲ

ጌታ እጅሽን ይባርክ፤ ቅባቱ ደርሶኛል። አንዱን ለጎረቤት ሰጠሁት። ምን ላድርግ፣ እሷም ጉልበት አላት።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ለማታውቂው ሰው ሦስት ገጽ፣ ለወንድምሽ ሁለት ዓረፍተ ነገር! «ደህና ነው፣ ሥራ በዝቶበታል።» ይሄ ለፖሊስ የሚሰጥ ቃል ነው እንጂ ለአክስት የሚጻፍ ወሬ ነው? የስኳር መርፌውን ይወጋል? ልጁ ፒሲላ ስንት ዓመቷ ሆነ? በመዘምራን ውስጥ አሁንም ይቆማል? ገንዘብ ላኪ አላልኩሽም። ወሬ ላኪልኝ።

እኔ እኮ እናንተን አውቃችኋለሁ። ኬሌፒ አሥራ ሁለት ዓመት ሞልቶት፣ እንደ ወጋችን ከእህቱ ሊለይ፣ ምኝታውን ተሸክሞ ወደ ወንዶቹ ጎጆ የሄደ ቀን፣ አንቺ ደጃፍ ላይ ተቀምጠሽ «ከእንግዲህ ከማን ጋር ልጫወት» ብለሽ ስታለቅሺ ነበር። እሱ ደግሞ ከጎጆው በስተጀርባ ተደብቆ ሲያለቅስ አገኘሁት። «ሱሊዬቲ እንዳታይ» አለኝ። ሁለታችሁንም በየተራ ነው ያባበልኳችሁ።

ጻፊልኝ።

ሎሳሊኔ


ማንገሬ
ሜይ 20 ቀን 2007

ለተከበሩ አክስቴ

የጌታ ሰላም ከእርስዎ ጋር ይሁን። ስለዘገየሁ ይቅር ይበሉኝ፤ ሥራው አላስቀምጠኝ አለ። እዚህ ብርዱ ገብቷል፣ ዝናቡም አላባራ ብሏል። ሁለት መቶ ዶላር በዚህ ውስጥ አለ። ለበዓሉ ዝግጅትም፣ ለሚያስፈልግዎም ይሁን።

ምንጣፉ ደህና ቦታ ነው ተብያለሁ።

ናኒሴና ፒሲላ ለጥቂት ቀን እኔ ጋ ናቸው። ፒሲላ ስድስት ዓመት ሊሞላት ነው፣ ሁለት የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል።

ኬሌፒ ደህና ነው።

ሱሊዬቲ


ሁንጋ
ጁን 11 ቀን 2007

ሱሊዬቲ

ጌታ ይጠብቅሽ። ሰላምታዬ ይኸው ነው፤ ዛሬ ለማሳመር ጊዜ የለኝም።

ያልጠየቅሁሽን ገንዘብ ላክሽልኝ። የጠየቅሁሽን ወሬ አስቀረሽብኝ። አፌን ልትዘጊበት ነው? ገንዘቡን መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ፤ ምን እንደሆነ እስክትነግሪኝ አልነካውም።

ናኒሴ አንቺ ቤት ምን ትሠራለች? ባል የላትም? ሞተባት?

የአባታችሁ እህት ነኝ እኮ። ፓስተሩ ኬሌፒን ለመምከር ቀጠሮ ይይዛል። አንቺ እህቱ ነሽ፣ አትችዪም። እኔ ግን ጆሮውን ይዤ ከዚህ እስከ ባሕሩ ብጎትተው ዝም ብሎ ይጎተትልኛል። ለዚህ ነው የተፈጠርኩት። ታዲያ ከእኔ የምትደብቂው ለማን ልትነግሪ ነው?

ሎሳሊኔ


ማንገሬ
ጁላይ 15 ቀን 2007

ለአክስቴ ለሎሳሊኔ

እግዚአብሔር እርስዎን ያቆይልን። ይህን አንብበው እኔን ይርገሙኝ እንጂ እሱን አይርገሙብኝ።

ኬሌፒን ማሽኑ ይዞታል። እዚህ ፖኪ ይሉታል፤ በየመጠጥ ቤቱ ጓዳ ተደርድሮ የሚያበራው የቁማር ማሽን ነው። ካርድ የለው፣ ጓደኛ የለው፣ ሳቅ የለው፤ ሰው ብቻውን ተቀምጦ ቁልፍ ይጫናል። በጃንዋሪ ከፋብሪካው ተባሯል። ናኒሴ እንዳታውቅበት ግን እስከ ኤፕሪል ድረስ በየጠዋቱ ምሳውን ይዞ ይወጣ ነበር። ምንጣፉን ለአበዳሪ አስይዞታል። ናኒሴ ይህን ስትደርስበት ነው ልጇን ይዛ እኔ ጋ የመጣችው።

እስካሁን የጻፍኩት የሱን ነው። የኔ ደግሞ ይከተላል።

በማርች አጋማሽ ላይ ፓፓቶይቶይ ውስጥ አንድ መንገድ ደረሰኝ። ከተመረጡት ቤቶች አንዱ ቁጥር 23 ነበር። ኬሌፒ ቤት መቀየሩን ሰምቼ ነበር፣ የት እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር። አንኳኳሁ። መልስ እስኪመጣ ዝቅ ብዬ ሳይ በረንዳው ላይ የሥራ ጫማ አለ፤ ማሰሪያው የዓሣ ማጥመጃ ክር ነው። አባባ ነበር ጫማውን እንዲያ የሚያስረው፣ ከአባባ ቀጥሎ ደግሞ አንድ ሰው ብቻ። ከጎኑ እኔ ለፒሲላ የገዛሁላት ሮዝ ብስክሌት ቆሟል። ቀኑ ማክሰኞ ነው፣ ሰዓቱ የሥራ ሰዓት ነው። ጫማው ቤት ምን ይሠራል?

መጋረጃው ተነቃነቀ።

አክስቴ፣ ያን በር ቢከፍትልኝ ምን እንደምጠይቀው ያስቡት። ቴሌቪዥን ላይ ሰው ሲሳሳም ተነስቶ የሚወጣልኝ ወንድሜን፣ «ስንት ትጠጣለህ? በቁማር የተነሳ በራስህ አፍረህ ታውቃለህ?» ልለው ነው። ዞር ብዬ ሄድኩ። ሮጥኩ ማለት ይሻላል።

ሕጉ ቀላል ነው። የምናውቀው ሰው ከደረሰን ቤቱን እንመልሳለን፣ ሌላ ጠያቂ ይላካል። ያኔ ለዚያ ሰፈር የነበረው ሌላ ጠያቂ ደግሞ ሴሚሲ ነው፤ የኛው ቤተ ክርስቲያን ዲያቆን ልጅ። ምስጢር ለመጠበቅ ፈርሟል። እኔም ፈርሜያለሁ። ግን ሴሚሲ እሁድ እሁድ ከኬሌፒ ጎን ቆሞ ይዘምራል። ወንድሜ ራቁቱን የቆመ መሰለኝ። ላለብሰው አሰብኩ። ኮምፒዩተሬ ላይ ለቁጥር 23 «ሰው የማይኖርበት ቤት» የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ። ከዚያ በኋላ ማንም ወደዚያ በር አይላክም።

አክብሬው ነው ብዬ ነበር። ያን ቀን ኮራሁ እንኳ።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አልያዘኝም። የማያውቁኝን ሦስት መቶ ሰዎች ጠይቄ ወንድሜን ሳልጠይቅ ቀረሁ፤ ሌላ ሰው እንዳይጠይቀውም በሩን ዘጋሁበት። እርስዎ መጠየቅ ይችላሉ። ዘጠኙን ጥያቄዎች በቋንቋችን ገልብጬ፣ ከሥር የእርዳታ ስልኩን ጨምሬ፣ በዚህ ውስጥ አስቀምጫለሁ። እባክዎ ይጠይቁልኝ። አድራሻው ከጀርባው አለ። እኔ ነገርኳቸው አይበሉት፤ ከቻሉ።

ሱሊዬቲ


ሁንጋ
ኦገስት 10 ቀን 2007

ለሱሊዬቲ

ጌታ ለሁላችንም ይማልድ።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሁለት ጀልባ አሳልፌያለሁ። ዋሽቼ ጉልበቴ ነው ልልሽ ነበር፤ ጉልበቴ አይደለም፣ ቁጣዬ ነው። ያን ምንጣፍ እናቴ ዓይኗ እስኪጠፋ የሸመነችው ነው። የመጀመሪያውን ደብዳቤ ጽፌለት ሳነበው፣ ለውሻ የማይጻፍ ነገር ነው። ቀደድኩት። ሁለተኛውንም ቀደድኩት። ሦስተኛውን ዛሬ ጻፍኩ፤ ከዚህ ጋር በአንድ ጀልባ ይሄዳል።

እንዲህ አልኩት፦ «ኬሌፒ፣ ምንጣፍ ይሸመናል። እኔ ሰው ነው የምፈልገው። ከዚህ በታች ዘጠኝ ጥያቄና የእርዳታ ስልክ አለ። ጠያቂዋ የአባትህ እህት ናት፤ ማፈር አትችልም፣ መዋሸት አትችልም፣ ዝም ማለትም አትችልም። መልሰህ ላክልኝ።» ከየት እንዳመጣኋቸው አልነገርኩትም።

አንቺን ልቆጣ ነበር። ግን ማን እንዲህ አድርጎ አሳደጋችሁ? እኔው ነኝ። «ወንድምሽ ባለበት ይህን አታውሪ፣ እህትህ ባለችበት ያን አታንሳ» እያልኩ በጥፊ ያስተማርኳችሁ እኔ ነኝ። ለመከባበር ነበር። አፋችሁን ስሰፋ አልታወቀኝም።

መልሱ ሲደርሰኝ እጽፍልሻለሁ።

ሎሳሊኔ


ማንገሬ
ሴፕቴምበር 16 ቀን 2007

ለአክስቴ

እግዚአብሔር ያጽናዎ፤ እኛንም ያጽናን። በስልክ የሰሙትን እንደገና ለመጻፍ እጄ አልታዘዝ ብሎኝ ነው የቆየሁት።

ሴፕቴምበር 2፣ እሁድ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ፖሊሶች ደጃፉ ላይ ይጠብቁን ነበር። ኬሌፒን መጠጥ ቤቱ ጀርባ ባለው የመኪና ማቆሚያ፣ መኪናው ውስጥ ሞቶ አገኙት። ስኳሩ ነው አሉ። መርፌውን ስንት ቀን እንዳልተወጋ ሐኪሙም በትክክል አላወቀም። ሥራ የሚበዛበት ሰው መስሎ ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ ከትቶ ነበር።

ቪዛው እንዳልደረሰልዎ ለሰው ሁሉ ነግረናል። በሬሳው ራስጌ፣ የአባት እህት በምትቀመጥበት በእርስዎ ቦታ ላይ ማንም አልተቀመጠም። ፓስተሩ «ከአክስቶቹ ወገን ሌላ ሰው ይቀመጥ» ብለው ነበር፤ ናኒሴ እምቢ አለች። ቦታው ሦስት ቀን ባዶውን ዋለ አደረ። ምንጣፍ ብዙ መጣ፣ ጥሩ ጥሩ ምንጣፍ። ያ አልነበረም።

እኔ ጥቁሬን ለብሼ፣ ለለቅሶ የሚታጠቀውን የተቀደደ ምንጣፍ ወገቤ ላይ አስሬ፣ እግር ሥሩ ነበርኩ። ሰዎች እያቀፉ «ምን ነካው? ማንም አላወቀም ነበር?» ይሉኛል። ሴሚሲ መጥቶ ሲያለቅስ «እኔ እኮ ባውቅ ኖሮ» አለኝ።

ፒሲላ «አባባ በኮምፒዩተርሽ ውስጥ አለ? አንቺ ሰዎችን ታስገቢ የለ?» አለችኝ። እናቷ ሥራዬን እንዲያ ብላ ነው ያስረዳቻት።

የላኩለት ደብዳቤ ይድረሰው አይድረሰው አላውቅም። ቤቱ ውስጥ አላገኘነውም።

ሱሊዬቲ


ሁንጋ
ሴፕቴምበር 30 ቀን 2007

ለልጄ ለሱሊዬቲ

ዕንባሽን የሚያብስ አምላክ ከአንቺ አይራቅ። ተቀምጠሽ አንብቢው። ቆመሽ ከሆነ ተቀመጪ።

ደብዳቤዬ ደርሶታል። መልሱ ደግሞ ባለፈው ሐሙስ በጀልባ መጣ። ፖስታው ላይ ኦገስት 30 የሚል ማኅተም አለበት፤ ከመሞቱ ሦስት ቀን በፊት ማለት ነው። ስሙን በጀርባው ጽፎታል። ጀልባው ላይ ያለው ሰውዬ ባርኔጣውን አውልቆ ነው የሰጠኝ፤ መሞቱን ያውቃላ። ዋናውን አልልክልሽም፣ ከእጄ አይወጣም። ቃል በቃል ገልብጬልሻለሁ።

«ለተከበሩ አክስቴ። በእግዚአብሔር ስም ሰላም እላለሁ። ለጥያቄዎቹ እንደታዘዝኩት እመልሳለሁ።

«አንደኛ፣ ባጣው ከምችለው በላይ አስይዤ አውቃለሁ ወይ? ሁልጊዜ ማለት ይቻላል። ሁለተኛ፣ ያው ደስታ እንዲሰማኝ ገንዘቡን እየጨመርኩ ሄጃለሁ ወይ? ሁልጊዜ ማለት ይቻላል፤ ግን ደስታ አልለውም። ሦስተኛ፣ የተበላሁትን ላስመልስ በሌላ ቀን ተመልሻለሁ ወይ? ሁልጊዜ። አራተኛ፣ ለመጫወት ተበድሬ ወይ ዕቃ ሸጬ አውቃለሁ ወይ? ምንጣፉን ያውቃሉ መሰለኝ። ሁልጊዜ። አምስተኛ፣ ችግር አለብኝ ብዬ አስቤ አውቃለሁ ወይ? ሁልጊዜ።

«ስድስተኛ፣ ጤናዬን ጎድቶታል ወይ? ማሽኑ ላይ ስቀመጥ መርፌዬን እረሳለሁ። ሁልጊዜ። ሰባተኛ፣ ሰው ተናግሮኝ፣ ችግር አለብህ ብሎኝ ያውቃል ወይ? በጭራሽ። ናኒሴ አለቀሰች እንጂ አልተናገረችኝም። ፓስተሩ ስለ ሥራ ይጠይቁኛል። ማን ይናገረኛል? ስምንተኛ፣ ቤቴን አጎሳቁሏል ወይ? ሁልጊዜ። ዘጠነኛ፣ በራሴ አፍሬ አውቃለሁ ወይ? አክስቴ፣ አሁን ሳፍር ነው የምጽፈው።

«አንድ ነገር ልጨምር። በማርች የመንግሥት ደብዳቤ መጥቶልኝ ነበር። ስለ ጤና የሚጠይቅ ሰው ይመጣል፣ የምትናገረው ምስጢር ነው ይላል። በድሮው ሥራ ቦታዬ ሲያወሩ ሰምቼ ስለነበር ስለ ማሽኑም እንደሚጠይቁ አውቃለሁ። የማላውቀው ሰው ነው የሚመጣው፣ ለእሱ ሁሉንም እነግረዋለሁ ብዬ ቆረጥኩ። ጠዋት ጠዋት ናኒሴ ከቤት ስትወጣ ተመልሼ እየገባሁ፣ ገላዬን ታጥቤ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሼ ሳሎን እቀመጥ ነበር። በሦስተኛው ቀን ተንኳኳ። በመጋረጃው ሳይ ሱሊዬቲ ናት፤ ሰማያዊ ቦርሳ ይዛለች። እንዴት ልክፈትላት? እንዳታፍር ብዬ ወለሉ ላይ ተኛሁ። ስትሄድ ሰማኋት። እሷ ደግ ናት፣ ጫማዬን አይታ አውቃኛለች፣ ሌላ ሰው ትልክልኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ያንን ሳምንት ወደ ማሽኑ አልሄድኩም። የሚቀጥለውንም ሳምንት ጠበቅሁ። ማንም አልመጣም። ሥራ በዝቶባቸው ይሆናል።

«የጠየቁኝ እርስዎ የመጀመሪያዋ ነዎት። ማክሰኞ በወረቀቱ ላይ ወዳለው የእርዳታ ስልክ እደውላለሁ። እህቴን አይቆጡብኝ። ልጅዎ ኬሌፒ።»

ይኸው ነው ልጄ። ማክሰኞ ሴፕቴምበር 4 ነበር፤ ቆጥሬዋለሁ። እኔ በቁጣዬ ያሳለፍኳቸው ሁለት ጀልባዎች ደግሞ ሁለት ሳምንት ናቸው። እሱንም ቆጥሬዋለሁ። ብቻሽን አልተሸከምሽውም።

ስለ ምንጣፉ ከእንግዲህ አላነሳብሽም። ቀለል ያለች ምንጣፍ እያበጀሁ ነው፣ እሷ ትነጠፋለች፣ የሚስቅ ይሳቅ። ከአንቺ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ወደ ቢሮሽ ሂጂና ጻፉት በያቸው። ያ ቤት ሰው ነበረበት። ገላውን ታጥቦ የተቀመጠ ሰው ነበረበት። መልሱ ይኸው ተሟልቷል። ይጻፉት፤ ሌላ ምንም አልጠይቅሽም።

ሎሳሊኔ


ማንገሬ
ኦክቶበር 28 ቀን 2007

ለተከበሩ አክስቴ ለሎሳሊኔ

እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፤ ከእርስዎ ሌላ የምጽፍለት የለኝም።

ደመርኩት። ስምንቱ ሦስት ሦስት፣ አንዱ ዜሮ። ሃያ አራት። ስምንት ይበቃ ነበር።

እንዳዘዙኝ ቢሮ ሄድኩ። አለቃዬ ጁዲት ትባላለች፣ ጥሩ ሴት ናት። የሠራሁትን ሁሉ ነገርኳት። ተቆጣች አልልም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ሻይ አቀረበችልኝ። የገለበጡልኝን ወረቀት ተረጎምኩላት። ስትሰማ ቆይታ፣

«ሱሊዬቲ፣ መዝገቡ በጁን ተዘግቷል» አለችኝ።

«ክፈቱት።»

«ቢከፈትም አይሆንም። ጥያቄው በጠያቂ አልተጠየቀም፤ አክስት ናት የጠየቀችው። በደብዳቤ የመጣ መልስ አንቀበልም። ደግሞ…»

«ደግሞ ሞቷል» አልኩላት።

«አዎ» አለች።

«‹ሰው የማይኖርበት› የሚለውንስ? እሱን እንኳ አርሙልኝ። ሰው ነበረበት በሉ።»

ለዋናው መሥሪያ ቤት ጻፈች፣ ስልክም ደወለች፤ ለፋችልኝ፣ አልዋሽም። ከሁለት ሳምንት በኋላ መልሱ መጣ። አንድ ቤት ድምሩን ስለማይለውጠው እንዳለ ይቆያል ይላል። ጁዲት ያን አንብባልኝ ዓይኔን ማየት አቃታት።

ዘገባው ገና ይወጣል። የኛ ሰዎች አንድ መስመር አለን። ስንቶቻችን እንደምንጫወት፣ ስንቶቻችንን እንደያዘን በቁጥር ይጻፋል፤ ጋዜጦች «ጥቂት ናቸው» ይላሉ። አሁን ያን ቁጥር ሳስብ ከጎኑ ወለል ላይ የተኙት ይታዩኛል። እኔ አንዱን አስቀርቻለሁ። ሌሎቹ ጠያቂዎች ስንት እንዳስቀሩ ማን ያውቃል።

ከሥራ አላስወጡኝም። ልለቅ ነበር፣ ናኒሴ ናት «ቀጥዪ» ያለችኝ። ሐሙስ ዕለት ለአዲሱ ዙር ጥናት ማኑሬዋ ውስጥ አንድ በር አንኳኳሁ፣ መጋረጃው ተነቃነቀ፣ የሚከፍት ጠፋ። ድሮ ቢሆን ማስታወሻ ጥዬ እሄድ ነበር። እዚያው ቆሜ በቋንቋችን ጮክ ብዬ፣ «የምታውቁኝ ከሆነ አትክፈቱልኝ። ሌላ ሰው እልካለሁ። ምዬ ነው የምላችሁ፣ እልካለሁ» አልኩ። ጎረቤቱ ሰው አበደች ብሎ በአጥሩ ላይ ወጥቶ አየኝ። ቤቱን ለሴሚሲ አስተላልፌዋለሁ። ትላንት ሄዷል፤ ምን እንዳገኘ አልጠየቅሁትም፣ መጠየቅም የለብኝም።

እርስዎ ያዘዙኝን አልፈጸምኩም። አልጻፉትም፣ አይጽፉትምም። ቁጥር 23 በመንግሥት መዝገብ ሰው የለበትም፤ እንዲያ ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ እኔም አንድ ነገር ልለምንዎ። ያን የእጁን ጽሑፍ በእርጥበት እንዳይበላሽ በላስቲክ ይጠቅልሉት፣ ከላይ ባለው ሳጥን ያኑሩት፣ ለማንም አይስጡት። በበዓሉ ቀን አዲሷ ምንጣፍ ሲነጠፍ ከሥሯ ያድርጉት። ኬሌፒ የተቆጠረበት ወረቀት እሱ ብቻ ነው።

ልጅዎ ሱሊዬቲ